የማላውቀውን ገጽ አምጣልኝ

«አማሬ አረፈ» አለችኝ ዘነበች በስልክ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶዋን ብቻ ነው። ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከኋላዬ የሰው ወረቀት ይተፋል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ይቅር ይበለኝና፣ «ቲቸር ቢሰሙ ያርሟት ነበር» የሚል ነው። «ዘነቡ፣ እኔ ወንድ ነኝ እንዴ? አረፈች በይ» ይሏት ነበር። ታላቅ እህቷ ናቸው፤ ወላይትኛ የለመደ አማርኛዋን ዕድሜ ልካቸውን አርመው አልሆነላቸውም።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ዞርኩና እጄን መታጠብ ጀመርኩ። በሳሙና፣ በጣቶቼ መሃል፣ በጥፍሮቼ ሥር፣ እስከ ክርኔ። ከዚያ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ ውሃው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ቆምኩ። አንድ ደንበኛ መጥቶ «ምን ሆነሃል?» ሲለኝ ነው ምን እየሠራሁ እንደሆነ የገባኝ። ቲቸር አማረች ክፍል እንዲህ ታጥቦ ያልገባ ሰው የለም። ልቤ ወደዚያ ሲሄድ እጄ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ኖሯል።

እሳቸውን ሳስብ ከፍቅሩ እኩል ፍርሃቱ ይመጣብኛል። በአጥር ማዶ ለዓመታት የኖርኩት ጆሮዬን ቀስሬ ነው። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ መርፌ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ሆስፒታል በር ላይ ስደርስ መንገድ ተሻግሬ አልፋለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ እግዚአብሔር የእሳቸው ጎረቤት ያደረገው።

አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሶዶ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ካለው ሰው ውስጥ ፊደል ያስቆጠሩት ብዙ ነው። ቀጭን፣ አጭር ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከክፍል ተነስቶ የግቢው በር ይደርሳል። በእኛ ጊዜ ትምህርቱ በአማርኛ ነበር። ቤታችን ደግሞ የምንናገረው ወላይትኛ ነው። ምን እናድርግ? የማይገባንን ቋንቋ እንደ መዝሙር በቃላችን እንይዘው ነበር። መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ «የሚያነብ» ልጅ ሞልቶ ነበር።

የንባብ መጽሐፋችን ውስጥ ሁላችንም የምንወደው አንድ ገጽ ነበር። «የአስቴር ጥጃ ጠፋች። አስቴር በጓሮ ፈለገች። አስቴር በወንዝ ፈለገች። ጥጃዋ የለችም። አስቴር አለቀሰች። ማታ ደጅ ላይ ድምፅ ተሰማ። ጥጃዋ ተመለሰች።» ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ተራዬ ደርሶ ተነሳሁና ያለ አንዲት ስህተት ተወጣሁት። ቲቸር እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ መጥተው ጣታቸውን ገጹ መሃል ላይ አሳረፉ። «ይሄ ምን ይላል?»

በቃሉ የያዘ ልጅ ከመሃል መጀመር አይችልም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ ጀምሮ ወደዚያ ቃል መውረድ አለበት። እኔም ከላይ ጀመርኩ፤ ግን ፈርቼ ስለነበር መንገዱ ጠፋኝ። «ጥጃ» አልኩ። «ወንዝ» ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ታሜ፣ አፍህ ቀድሞ ደርሷል» አሉኝ ቲቸር። «ዓይንህ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ጠብቀው።»

አጠገቤ ተቀምጠው ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስጠሩኝ። «ወ… ን… ዝ» ስል «ሎኦ!» አሉ። በወላይትኛ ጥሩ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ወላይትኛ የሚናገር መምህር አልነበረም። እሳቸው ግን ትምህርቱን በአማርኛ ሰጥተው ምስጋናውን በእናታችን ቋንቋ ይሰጡን ነበር። ያችን «ሎኦ» ለማግኘት የማናደርገው አልነበረም።

አድጌ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍቼ፣ የተከራየሁት ቤት ከእሳቸው አጥር ጋር ሲገጥም፣ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ነበር። ስኳር መጀመሪያ ዓይናቸውን አደከመው፤ ቀጥሎ ኩላሊታቸውን ያዘ። አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደው ከርመው ሲመለሱ እምብርታቸው አጠገብ ቀጭን ቱቦ ወጥቶላቸዋል። የኩላሊት እጥበቱ በማሽን ሳይሆን በሆድ ነው አሉን። ንጹሕ ፈሳሽ በቱቦው ሆዳቸው ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ቆይቶ የደሙን ቆሻሻ ይስባል፣ ከዚያ ወደ ባዶ ከረጢት ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። በቀን ደጋግመው፣ በየቀኑ፣ ያለ በዓል። እኛ ከተማ እንዲህ የሚታጠብ ሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ፈሳሹ ራሱ በካርቶን ሆኖ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር እኔ ነበርኩ እንቅልፍ የማጣው።

ዘነበች ያኔ ነው ከቦዲቲ የመጣችው። ቦዲቲ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። አባታቸው አንዷን ለትምህርት፣ አንዷን ለቤት ብለው ስለከፈሏቸው ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ቅቤ ውስጥ የተደበቀ ድንች በጣቷ ታውቃለች። ያን ቅቤ የለመደ እጇን ቲቸር እንዴት እንዳሳጠቧት! «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ገና ቦዲቲ ቦዲቲ ይላል፤ ድገሚው» ይሏታል። ዘነበችም እያጉረመረመች ትደግማለች።

ማንም እንዲሁ አይገባም። እኛ ትንንሽ ሆነን ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍራችንን ያዩ እንደነበር፣ አሁንም አልጋቸው ላይ ሆነው «እጅ!» ይላሉ። የቀበሌ ሹምም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ገልብጦ ያሳያል። አንዳንዱ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ከረጢቱ በሚቀየርበት ጊዜማ በሩና መስኮቱ ይዘጋል፣ ማስክ ይደረጋል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። «በዚህች ቀዳዳ የገባ ጀርም መውጫውን አያውቅም» ይሉ ነበር። እኔ ያን ስሰማ የራሴን እምብርት በእጄ እሸፍናለሁ።

አዲስ አበባ ያሰለጠነቻቸው ነርስ አንድ ነገር አጥብቃ ነግራቸዋለች። የወጣውን ፈሳሽ ከረጢት ወደ ብርሃን ያንሱ፣ ከኋላው ጽሑፍ ያድርጉ፤ ፊደሉ ጠርቶ ከታየዎት ሰላም ነው። ፈሳሹ ደፍርሶ ፊደሉ ከጠፋዎት ግን ሆድዎ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ነው፤ ሕመሙ ይባስ አይባስ ብለው አይጠብቁ፣ ከረጢቱን ይዘው ሐኪም ጋ ይሩጡ።

ጽሑፍ ሲባሉ የሚመርጡት ምን ይሆናል? የጥጃዋን ገጽ ነዋ! አሮጌውን መጽሐፍ አስቀምጠውት ኖሯል። ዓይናቸው ስለደከመ አጉልቼ ፎቶ ኮፒ አደረግኩላቸው፤ እንዳይረጥብም ላሚኔት አደረግኩት። ከአልጋቸው ራስጌ ምስማር ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲህ አጥር ለአጥር የምንኖር ሁሉ ቀናችንን በአስቴር ጥጃ ነው የምንከፍተው። ቲቸር ከረጢቱን በመስኮቱ በኩል አንስተው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ «ጥጃዋ ተመለሰች» ካሉ በኋላ «ሎኦ!» ይላሉ። ያቺን «ሎኦ» ሳልሰማ ሱቄን ከፍቼ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ከዘገየች ቁርሴን ሳልነካ እጠብቃታለሁ። ስትመጣ ግን ልቤ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንዲህ እየፈራሁና እየተጽናናሁ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ያ ጊፋታ መጣ።

ጊፋታ አዲስ ዓመታችን ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። ሰፈር በሙሉ ተዋጥቶ በሬ ይጥላል፣ ጥሬ ሥጋው በሚያቃጥል ዳጣ ይበላል፣ ቅቤው ይፈሳል፣ ሰው ከቤት ቤት ይዞራል። በዚያ ሰሞን ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ የሚደነግጥ ሰው የለም፤ «ባትበላማ ነበር የምትደነግጠው» ይባላል። እኔም ጠዋት የቲቸርን «ሎኦ» ሰምቼ፣ አዲሱን ልብሴን ለብሼ፣ እንኳን አደረሰዎት ልላቸው ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

ዘነበች በሩ ላይ በወላይትኛ ሰላምታ ተቀበለችኝ። «ሳሮ፣ ሳሮ! ግባ። አማሬ ትንሽ ሆዷን አሟታል። ዳጣ በልቶ ነዋ! ተይ ብላት እምቢ አለኝ።»

«ከረጢቱስ?»

«አንብቧል፣ ንጹሕ ነው። አሁንም ቀይረናል።»

ታጥቤ፣ እጄን አሳይቼ ገባሁ። ቲቸር በጎናቸው ተኝተው ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። «ጊፋታ ነው ታሜ፣ አትየኝ» አሉ። «አንዲት ጣት ዳጣ ቀመስኩ። ከመሞት መሰንበት ይባላል፤ ዳጣ ሳይቀምሱ መሰንበት ግን ምን ይሠራል?»

ልስቅ ስል ሳፋው ውስጥ የተቀመጠውን ከረጢት አየሁ። የሩዝ ውሃ ይመስላል። ዓይኔ ነው ብዬ አሸሁት፤ አሁንም የሩዝ ውሃ ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ… ትንሽ አልነጣም?» አልኩ።

«አሁን አንብቤዋለሁ እኮ።» እንደ መቆጣት አሉ። ቀና ብለው ተቀመጡና ከረጢቱን አስመጡ፤ በመስኮቱ በኩል አንስተው ገጹን ከኋላው አደረጉ። «የአስቴር ጥጃ ጠፋች። አስቴር በጓሮ ፈለገች…» ሳይደናቀፉ፣ ሳይዘገዩ፣ እንደ ውሃ ወረደላቸው። እኔ ከትከሻቸው ጀርባ ቆሜ በዚያው ከረጢት ውስጥ እያየሁ ነው። አንዲት ፊደል አትታየኝም። እሳቸው «ጥጃዋ ተመለሰች» ብለው ጨረሱ። «ሎኦ!»

ከፍርሃቴ ሁሉ ያ ይበልጣል። ሆዳቸው ሳይሆን ያቺ «ሎኦ» ናት ያስፈራችኝ። ለዓመታት ቁርሴን ያስዋጠችኝ ቃል ውስጧ ባዶ ሆና ታየችኝ። ግን እሳቸውን ማን ያርማል? ዘነበችን አየሁ፤ እሷ ፊደል አታውቅም፤ እህቷ አነበብኩ ካለች አንብባለች ነው። እግሬ «ውጣ፣ ሐኪም ጥራ» ይለኛል፤ አፌ ተሳስሯል። በመጨረሻ ያደረግኩትን ራሴም አላሰብኩበትም። እጄን ሰድጄ ጣቴን በከረጢቱና በገጹ መካከል አስገባሁና መሃል ላይ አሳረፍኩት።

«ይሄ ምን ይላል፣ ቲቸር?»

ጣቴ በፈሳሹ ውስጥ እንደ ጥላ ብቻ ትታያለች። ቲቸር ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ያለ ድምፅ፣ ከላይ ጀመሩ።

መሃል ሳይደርሱ ከንፈራቸው ቆመ። ከረጢቱን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አወረዱት። ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያኔ አንደኛ ክፍል ሆኜ እኔ ፊት ላይ እሳቸው ሳያዩት አልቀሩም።

«ታሜ» አሉ፣ «አፌ ቀድሟል።» ደግሞም፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ዓይኔ መንገድ ላይ የቀረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

የትናንቱ ከረጢት ተደፍቷል፣ የትናንት ወዲያውም። ማን ያውቃል?

ባጃጅ እስካገኝ የሞትኩትን ሞት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ሁሉ በዓል ላይ ነው፤ መንገዱ በልጆች ጭፈራ ተሞልቷል። የተገኘው ባለ ባጃጅም አዲስ ልብሱን ለብሶ እያፏጨ ነበር፤ የቲቸርን ፊት ሲያይ ፉጨቱን ተወ። ልንነሳ ስንል «ከረጢቱ!» ብለው ጮኹ። ያን የደፈረሰ ከረጢት በፎጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቀፉት። መንገድ ላይ ብርድ ብርድ ብሏቸው ጥርሳቸው ይጋጫል። እጄን ያዙኝ።

«ፈራህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ቲቸር።»

አይዞህ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «እኔም» አሉኝ። ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ከእሳቸው አፍ ያልሰማሁት ቃል ነው።

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ከረጢቱን ተቀብሎ ወደ መብራቱ አነሳና ፊቱ ተለወጠ። «በሆድ የሚታጠብ ሰው ብዙ አላየሁም፤ ያሰለጠኗችሁ ሰዎች ጋ አሁኑኑ እንደውል» አለ። በዚህ ንግግሩ ዛሬም ድረስ እወደዋለሁ። ነርሷን በስልክ አገኘናት። «ከረጢቱ ተይዟል? ጎበዞች!» አለች። «ከሱ ናሙና ይወሰድ። የላቦራቶሪውን ውጤት ግን አትጠብቁ፤ መድኃኒቱ በአዲሱ ፈሳሽ ውስጥ ተጨምሮ ዛሬውኑ ሆዳቸው ይግባ።» ከሐኪሙ ጋር ስለ መድኃኒቱ ዓይነት ከተነጋገሩ በኋላ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥራት አለበት። ካልጠራ ቱቦው ይወጣል።»

«ቱቦው ከወጣ አማሬ በምን ይታጠባል?» አለች ዘነበች።

ሐኪሙ በማሽን እንደሚሆን ነገራት። ያ ማለት ተራ የሚገኝበት ሩቅ ከተማ ሄዶ፣ ከሰፈርም ከቤተ ክርስቲያንም ተለይቶ፣ በየሁለት ቀኑ ማሽን ሥር መተኛት ነው። ተራው እስኪገኝ ደግሞ ምን እንደሚሆን ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን እሱን ነበር የምናስበው።

ቲቸር እየተንቀጠቀጡ በምልክት ጠሩኝ። «ነገ ስትመጣ የጥጃዋን ገጽ እንዳታመጣ» አሉኝ። «የማላውቀውን ገጽ አምጣልኝ።»

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው የማይጎድለው የተበላሸ ወረቀት ነው። በማግስቱ ከቅርጫቱ ውስጥ የመጣልኝን ይዤ ሄድኩ፤ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ነበር። ከረጢቱን አነሱ፣ ወረቀቱን ከኋላ አደረግኩላቸው። «ምንም» አሉ። ቀጥሎ የፊዚክስ ፈተና ወሰድኩ። «ጥቁር ጥቁር ነገር አለ። ፊደል ይሁን ጉንዳን አላውቅም።» ትኩሳታቸው አልለቀቀም። ሆዳቸው ሲነካ ይጮኻሉ። ሐኪሙ በየጠዋቱ ከእኛ ጋር ቆሞ ያያል፤ እሱም እንደኛ ትንፋሹን ይውጣል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ጎትቶኝ «ለቱቦው መውጣት ቤተሰቡን አዘጋጃቸው» አለኝ። እኔን ማን ያዘጋጀኝ? ለዘነበች አልነገርኳትም። አልቻልኩም።

በማግስቱ የያዝኩት ገጽ የአንድ ሰው ማመልከቻ ነው። ጸሐፊው አበላሽቶት የጣለው፣ ስም እንኳ ያልተጻፈበት። ቲቸር ከረጢቱን አነሱ። ዘነበች ከሥር ደገፈቻቸው። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«አመ… ል…» አሉ። «አመልች… በመሬቱ… ላይ…» ከዚያ ድምፃቸው በድንገት ከፍ አለ። «ምንድን ነው ይሄ? ‹አመልች› ብሎ ማመልከቻ! ካ የት ገባች? ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

ወረቀቱን ነጥቄ አየሁት። እውነትም «አመልካች» የሚለው ላይ ካ የለችም። በቃል የሚያነብ ሰው የጎደለ ፊደል አያይም፤ የጎደለውን የሚያየው ዓይኑ የደረሰ ሰው ብቻ ነው። ሐኪሙ እየሳቀ ከረጢቱን ተቀበለ። ዘነበች ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቲቸር ግን ካ የጎደለችበትን ሰው መስደባቸውን አላቆሙም። «ሎኦ» ያሉት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ኢንፌክሽኑ ከየት እንደገባ አልታወቀም። ቱቦው ግን አልወጣም፤ ቲቸርም ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ የጥጃዋ ገጽ ምስማሩ ላይ ተሰቅላ ቀረች እንጂ ለከረጢት አልዋለችም። በየጠዋቱ በአጥሩ በኩል «ታሜ! የማላውቀውን ገጽ አምጣልኝ!» የሚል ጥሪ ይመጣል። እኔም ከሱቄ የተበላሸውን ሁሉ እወስዳለሁ፤ የዕድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የጨረታ ማስታወቂያ። ሰፈሩም ጠዋት ጠዋት ስለ ጨረታ ይሰማ ጀመር። እኔ እንደሆንኩ መፍራቴን አልተውኩም። እንዲያውም ጨመረ፤ አሁን «ሎኦ» ሲባል ከመጽናናት ይልቅ «እውነት?» የምትል ድምፅ ውስጤ ትነሳለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሁለተኛው ሕመም ግን እንደ መጀመሪያው በአንድ ቀን አልመጣም። ከብዙ ዓመት እጥበት በኋላ፣ እያዘገመ መጣ። ቲቸር ከሱ፤ ሆዳቸው ብቻ ተነፋ። ሁለት ጉርሻ ጎርሰው «ጠገብኩ» ይላሉ። ያስመልሳቸዋል። ሰዉ ጨጓራ ነው አለ፤ ዘነበች ዕድሜ ነው አለች። እኔ ለመጠየቅ ፈራሁ።

አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሊጠይቋቸው መጡ። እጅ ታየ፣ ተገባ፣ ተቀመጡ። «እንዴት ነዎት፣ ቲቸር?» አለች አንዷ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። እጃቸውን አንስተው ክፍሉን ዝም አሰኙት። «ይሄን በቃሌ ነው የያዝኩት» አሉ። «ዛሬ የተጻፈው ሌላ ነው። የበላሁት አይረጋም። አንጀቴ የታሰረ ይመስለኛል። ከሆዴ የሚወጣው ፈሳሽ ከገባው እያነሰ ሄዷል፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ቀላ ብሎ ወጥቷል። ፊደሉ ይታያል፣ አልደፈረሰም፤ ግን ቀይ ነው። ደህና አይደለሁም።»

እህቶች እርስ በርስ ተያዩ። ደህና አይደለሁም ብሎ የሚመልስ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ቲቸር «ታሜ፣ ለነርሷ ደውልልኝ» አሉ። ሁሉንም ለእሷ ደገሙላት። ነርሷም «ነገ ዛሬ ሳይሉ ይምጡ» አለች።

አዲስ አበባ ሄደው የተነገራቸውን ተመልሰው እንደ ትምህርት አስረዱን። የሆድ ዕቃን የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ፤ እጥበቱን የሚሠራው እሱ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ ይወፍርና ይደድራል፣ አንጀቱንም እየጠቀለለ ያስረዋል። በሆድ መታጠብ ማቆም አለባቸው፤ ወደ ማሽን ይዛወራሉ፤ ሰውነታቸውን የሚያጠነክር ምግብና መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ምናልባት ቀዶ ጥገና ይኖራል። «ቀድሜ ባልናገር አንጀቴ ተዘግቶ ነበር የምደርስላቸው አሉኝ» አሉ። ይህን ሲሉ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

ማሽኑ ወዳለበት ከተማ የመሄጃቸው ቀን ጠዋት ሻንጣቸውን ልሸከም ገባሁ። ከልማድ የተበላሸ ወረቀት ይዣለሁ። አይተው ሳቁ። «ማሽኑ የሚነበብ ነገር የለውም ይላሉ። ደሙ ሁሉ በቱቦ ዞሮ ይመለሳል።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ፈርቻለሁ ታሜ። ይህን ክፍል ትቼ መሄድ ነው ያስፈራኝ። እዚህ ማን እንደሚገባ እኔ ነበርኩ የማዝዘው፤ እዚያ የእኔን እጅ የሚያዩት እነሱ ናቸው።» እኔ እንዳላለቅስ ሻንጣውን አነሳሁ።

በስልክ «እንዴት ነዎት?» ስላቸው በቃል መልሰውልኝ አያውቁም። «ዛሬ ደፍርሻለሁ» ይሉኛል። «ዛሬ እስከ ወንዝ ድረስ እነበባለሁ።» አንድ ቀን «ዛሬ ሁሉም ፊደል ይታያል፤ ገንፎ በልቼ ረጋልኝ» አሉኝና ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ። ከዚያ ቀዶ ጥገና ተባለ። ከዚያ አብራቸው ከሄደችው ከዘነበች ስልክ መጣ።

አስከሬኑ ሶዶ መጥቶ ተቀበሩ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሳናስበው በሩ አጠገብ ባለው ጆግ እየታጠብን ነበር የምንገባው። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ዘነበች ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። የጥጃዋን ገጽ ከምስማሩ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

«እኔ ይሄን በቃሌ አውቃለሁ» አለችኝ። «ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። ፊደሉን ግን አላውቅም። እሷ ላስተምርሽ ሲለኝ ጊዜ የለኝም እላለሁ። ታሜ፣ ‹ተመለሰች› የሚለው የቱ ነው? ጣትህን አድርግልኝ።»

ጎንበስ አልኩ። እኔ ራሴ ያጎላሁት ፊደል፣ በጣም ትልቅ፣ በጣም ጥቁር። ጣቴን ዘረጋሁ። ፊደሉ ሁሉ ዓይኔ ላይ ደፈረሰብኝ፤ አንዱንም ከአንዱ መለየት አቃተኝ። ዘነበች ትጠብቃለች። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ያለ ድምፅ፣ ከላይ ጀመርኩ።